ዤርሜን ካዶሬ ለሽርሽር የሄደች ዕለት

ያንን ተሳቢ ተመልከቱት። ባሕሩ የሸሸበት አሸዋ ላይ፣ ከአሮጌ ቀይ ትራክተር ኋላ የቆመውን። የተጫነበትን እዩልኝ፦ የፖም ጠጅ በርሜል፣ ቋሊማ የታጨቀበት የበረዶ ሣጥን፣ የሚታጠፉ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ የከንቲባውን ንግግር የሚያጮኽ ድምፅ ማጉያ። ድምፅ ማጉያው አሸዋ እንዳይገባበት ብርድ ልብስ ለብሷል። አዎ፣ ብርድ ልብስ። አሁን ደግሞ ዐይናችሁን ዝቅ አድርጉና ከተሳቢው ጎን፣ ጎማው አሸዋ ውስጥ በሰመጠ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት ተመልከቱ። ዤርሜን ካዶሬ ትባላለች። እሷን ብርድ ልብስ ያለበሳት የለም። ተሳቢው ላይም ቦታ የለሽም ተብላለች።

ቦታው በፈረንሳይ አገር፣ በብሬታኝ ጠረፍ ያለ ፕሉጌኔክ የሚባል መንደር ነው። ከመንደሩ ፊት ለፊት አንዲት ደሴት አለች። ደሴት ብሎ መጥራቱ ራሱ ማሞገስ ነው፤ ጥቂት ቋጥኝ፣ ጥቂት ሣር፣ አንዲት ጠባብ ቤተ ጸሎት፣ በቃ። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ይኬድባታል፣ ሲመለስ ዙሪያዋን ተከብባ ብቻዋን ትቀራለች። በዓመት አንድ ቀን፣ ነሐሴ ውስጥ፣ በቅዱስ ኬኖ ንግሥ መንደሩ በሙሉ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ይሻገራል። ከእንጨት የተጠረበው ቅዱስም በቃሬዛ ተጭኖ፣ በአራት ሰው ትከሻ አብሮ ይሻገራል፤ አብሮም ይመለሳል። ማዶ አያድርም። ቅዱሱ ማዶ ካደረ ዓመቱን ሙሉ መረብ ባዶውን ይወጣል ይላሉ። ከመንደሩ መረብ የሚጥል ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ዛሬ ፕሉጌኔክ የሚኖረው ለበጋ እንግዳ ክፍል እያከራየ ነው። ቢሆንም ይላሉ።

«ዤርሜንማ ደሴቷን እንደ ጓዳዋ ነው የምታውቃት» ይላል የመንደሩ ሰው። እውነቱን ነው። ጓዳ ውስጥ የሚሠራውን ነው የሠራችባት። ገና ልጃገረድ ሳለች እናቷ ሣህን ታጥባለች ብላ ወሰደቻት። ስታገባ አማቷ ድስቱን አወረሰቻት። ባሏ የሞተ ዓመት ደግሞ ኮሚቴው ሐዘኗን እንድትረሳ አስቦላት የቤተ ጸሎቱን ወለል መጥረጊያ ሰጣት። እንዲህ ያለ አዛኝ ኮሚቴ ነው። በአዘቦቱ ቀን የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ውስጥ ሾርባ ትቀዳለች፤ በንግሡ ደሴቷ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። ሰው ሣሩ ላይ ተጋድሞ በፀሐዩ ሲሞቅ፣ ሲበላ፣ ሲዘፍን፣ የእሷ ሰማይ እጣቢው ባልዲ ውስጥ የሚታየው ነበር፤ እሱም ቅባት ያለበት።

ከዚያ ጉልበቷ እንቢ አለ። ዳሌዋም ተከተለ። መንደሩም «አሁንስ አረፍሽ» አላትና ረሳት። ማረፍና መረሳት ለእነሱ አንድ ነው።

ከንግሡ በፊት ባለው ሳምንት ጎረቤቷ ኖልዌን ቤቷ መጥታ ፀጉሯን ትቆርጥላት ነበር። ኖልዌን የመንደሩ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ የባሰ፣ ልቧ ግን ቅን።

«ማዳም ዤርሜን፣ ከደሴቷ ምን ላምጣልዎት?»

«እኔን።»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«እኔን ውሰጂኝ። ለሽርሽር መሄድ እፈልጋለሁ።»

«እርስዎ? እዚያ ኖረው ኖረው?»

«መቼ ሄጄ አውቃለሁ? ሥራ ነበር የምገባው። አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ተቀምጬ፣ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዙሬ፣ ሌላ ሰው አምጥቶልኝ ቋሊማዬን ልብላ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ቅዱሱንም አልለምነውም፣ ይረፍ።»

ኖልዌን መቀሱን አስቀመጠች። «በቃ እንሄዳለን» አለች፤ ቀላል መስሏት።

እነሆ አሁን አሸዋው ላይ ናቸው፤ የንግሡ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሙሴ ዢልዳ ፕሪዣንም ከፊታቸው ቆሟል። ጡረታ የወጣ የቀረጥ ቢሮ ሰው ነው። በንግሥ ቀን ከሩቅ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ይለብሳል፤ ያለ እሱ ባሕሩ መቼ መምጣት እንዳለበት የማያውቅ ይመስለዋል።

«ማዳም ካዶሬ፣ እኔ እኮ ደስ ባለኝ ነበር» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ደስ ይበልሃ ልጄ! ብድግ አድርገህ ከበርሜሉ አጠገብ አስቀምጠኝ።»

«ኢንሹራንሱ አይፈቅድም። ተሳቢው የተፈቀደለት ዕቃ ነው፤ ሰው አይጭንም።»

«እንግዲያው ዕቃ በለኝ።»

«ይቅርታ?»

«ዕቃ ነኝ። አንድ ጆንያ ድንች። እንዳይገለበጥ በጥንቃቄ ይያዝ ብለህ ጻፍብኝ።»

ሰው ሳቀ። መሳቅ ምን ይከብዳል፤ ከሳቁት ውስጥ እጁን የዘረጋ አልነበረም።

«ቀልዱ ይቆየን፣ ማዳም። ቢወድቁ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«አንተ ስትወድቅ ማን ነበር ተጠያቂው? ንፍጥህ ሾርባው ውስጥ ሲንጠባጠብ ማን ጠረገልህ? ያኔ ኢንሹራንስ ነበረኝ?»

ፕሪዣን ጆሮው ድረስ ቀላ። ባለ ትራክተሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጋራውን ያጨሳል፤ በርሜል ቢጭኑበት አሮጊት ቢጭኑበት ግድ የለውም። በዚህ መሐል ሁለት ሴቶች ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ቢላዋቸውን እንደያዙ፣ ተሳቢው ላይ ዘለው ወጡና እግራቸውን አንጠለጠሉ።

«እነዚህስ ሰው አይደሉም?» አለች ኖልዌን።

«እነሱ ሽንኩርት ላጮች ናቸው። የኮሚቴው በጎ ፈቃደኞች። በሥራ ላይ ያለን ሰው ኢንሹራንሱ ይሸፍናል።»

«ታዲያ እሷም ሽንኩርት ላጭ ናታ!»

ፕሪዣን አሰበ። አሰበና ፊቱ በራ። ለዤርሜን መንገድ ስለተገኘ እንዳይመስላችሁ። ላጭ አንሶት ነበር። ወዲያው ሽርጥ መጣ፣ ቢላዋ መጣ፣ እስከ አሁን ወገባቸውን የሚያማቸው ወንዶች ሁሉ ወገባቸው ዳነና ዤርሜንን ከነወንበሯ ብድግ አድርገው ጫኗት። ለሽርሽር ሲሆን ከድንች ያነሰች ሴት ለሽንኩርት ሲሆን እንዲህ ትቀላለች።

«እሺ» አለች ዤርሜን፣ ሽርጡን ጭኗ ላይ እያስተካከለች። አፏ ነው እሺ ያለው።

ተሳቢው ተንቀሳቀሰ። መንደርተኛው በባዶ እግሩ መዝሙሩን እየዘመረ ተከተለ። ዤርሜን መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ሆና አየችው። ከዚህ በፊት ድስት ተሸክማ ስትሻገር ከፊቷ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነበር የምታየው፤ የመንደሩን ተረከዝ በሙሉ በስም ታውቀዋለች። አሁን አሸዋው ላይ ባሕሩ ጥሎት የሄደው ሽብሽብ ይታያታል፤ በሽብሽቡ መሐል የቀረው ውኃ ያብለጨልጫል፤ ነጫጭ ወፎች ከትራክተሩ ፊት ትንሽ ይሸሹና መልሰው ያርፋሉ። ጠረኑ የጨውና የበሰበሰ ሣር ነው። በርሜሉን አቅፋ ሳቀች። አንዷ ላጭ «ምን አገኙ ማዳም?» ብትላት፣ «መንገዱ ያምራል፤ ማንም አልነገረኝም ነበር» አለቻት።

ደሴቷ ላይ ሲደርሱ ከቤተ ጸሎቱ ጀርባ፣ ድንኳኑ ሥር አወረዷት። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደ ባሕሩ አድርገው። «እዚህ ነፋስ የለም» አሏት፤ ለእሷ ያሰቡ መሆናቸው ነው። ጆንያውን እግሯ ሥር ዘረገፉትና ወደ ቅዳሴው ሄዱ።

ዤርሜን ሽንኩርቱን አየችው። ሽንኩርቱም እሷን ያያት መሰላት፤ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ቢላዋውን አጥፋ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ኖልዌን፣ አዙሪኝ» አለች፣ በእግሯ ተከትላ የደረሰችውን ጎረቤቷን።

«ወዴት?»

«ወደ ባሕሩ።»

ኖልዌን አዞረቻት። ከግድግዳው ጥግ ወጣ ብላ፣ ሣሩ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ አቆመቻት። ከዚያ ሆኖ ማዶ መንደሩ ይታያል፤ ትንሽ፣ ግራጫ፣ ዝም ያለ። ዤርሜን እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ቅዳሴው አለቀ፤ የከንቲባው ንግግር ግን አላልቅ ብሎ ቆየና እሱም አለቀ። ሰልፉ ተሠራ፣ ቋሊማው ፍም ላይ ተንጫጫ፣ ስሱ ቂጣ ሞቀ። ሽንኩርት የለም። ሁለቱ ላጮች ዐይናቸውን እያበሱ የላጡት ለፊተኞቹ እንኳ አልበቃም። ፕሪዣን በሩጫ መጣ።

«ማዳም ካዶሬ! ሽንኩርቱስ?»

«እዚያ አለልህ።»

«አልተላጠም እኮ!»

«ዐይንህ ደህና ነው።»

«እርስዎ ግን የመጡት በላጭነት ነው!»

«መጣሁ፣ ደረስኩ፣ አሁን አርፌያለሁ። አንድ ቋሊማ ስጠኝ፣ ሰናፍጩን በዛ አድርገህ። የፖም ጠጁን ከጣፋጩ እንዳታደርገው፣ ያቅለሸልሸኛል።»

ሰልፈኛው ሰማ። ያን ጊዜ የፕሉጌኔክን ሕሊና ብታዩ! ስለ ጦርነቱ በዜና ሲሰሙ አፋቸው ሙሉ ሆኖ «ያሳዝናል» የሚሉ ሰዎች፣ ባሕር የሰጠመ ስደተኛ ሲተረክላቸው ጣቢያ የሚቀይሩ ሰዎች፣ ቋሊማ ያለ ሽንኩርት ሊበሉ መሆኑን ሲሰሙ ግን ደማቸው ፈላ።

«ሁላችንስ እየሠራን አይደል እንዴ!» አለች አንዲት የኮሚቴ ሴት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ።

«እርጅና ሰበብ ሆነ!» አለ ሌላው።

«እንደ ንግሥት ተቀምጣ አያችኋት?»

«ንግሥቶቹ ወንበር አይሰምጥባቸውም» አለች ዤርሜን፣ ሳትዞር።

ኖልዌን ሰልፉን ያዘች፣ ተራዋን ጠበቀች፣ ከፈለች፣ በስስ ቂጣ የተጠቀለለውን ቋሊማና አንድ ብርጭቆ ጠጅ ይዛ መጥታ ዤርሜን ጭን ላይ አስቀመጠች። በዚያች ደሴት ላይ ለዤርሜን ካዶሬ ምግብ ሲቀርብላት የመጀመሪያው ነበር። ቀስ ብላ በላች። ሰናፍጩ አገጯ ላይ ፈሰሰ፤ አልጠረገችውም። ከጉንጯ ሥር አንድ ሙቀት ተነሥቶ ሲሰራጭ ተሰማት፤ ጠጁ ይሁን ፀሐዩ አልለየችውም። «ሌላም ላምጣልዎት?» ስትላት ኖልዌን፣ «ቆይ፣ ይኼ ይጣፍጠኝ» አለች።

ከጀርባዋ ሙሴ ፕሪዣን ሽንኩርት ይልጣል። ሌላ ማን ይልጣል? እንባው ሰደርያው ላይ ይወርዳል። መዝሙር ያስለቀሰው የመሰላቸው የበጋ እንግዶች ፎቶ አነሡት።

ነገሩ የከፋው ሲመለሱ ነው። ቄሱ ሌላ ደብር የሚያጠምቁት ሕፃን ስለነበራቸው ቀድመው ሄደዋል። ባሕሩ ዞሯል። በደሴቷና በመንደሩ መሐል ዝቅ ያለች ቦይ አለች፤ ውኃው መጀመሪያ የሚገባው በእሷ በኩል ነው፤ አሁን ከቦይዋ ጫፍ ላይ ምላሱን እያወጣ ነው። ኖልዌን ወንበሩን እየገፋች ተሳቢው ዘንድ ስትደርስ ተሳቢው ሞልቷል።

«ቦታ የለም» አለ ፕሪዣን፣ ዐይኑ እንደቀላ።

«ጠረጴዛ አውርዱ!»

«ጠረጴዛዎቹ ከጎረቤት መንደር ከትሬቫሌክ የተዋስናቸው ናቸው። አንዱ ቢጎድል ትሬቫሌኮች ምን እንደሚሉን ታውቂያለሽ?»

«እሷ ብትጎድልስ?»

«እሷማ የትሬቫሌክ አይደለችም» አለ አንዱ ከኋላ፤ ተሳቀ።

«ደግሞስ» አለ ፕሪዣን፣ ድምፁን እንደ ቢሮው አድርጎ፣ «ማዳም ካዶሬ ሥራ ስላልሠሩ በጎ ፈቃደኛ አይደሉም። እንግዳ ናቸው። እንግዳ አይጫንም። ለነፍስ አድን ጀልባ እንደውላለን፤ ውኃው ሲሞላ መጥተው ይወስዷቸዋል። እስከዚያ የቤተ ጸሎቱ ደጃፍ ጥሩ መጠለያ ነው።»

«ብቻዋን? በዚህ ነፋስ?»

«ለጥቂት ሰዓት።»

ኖልዌን ስድቧን አወረደችበት፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ግን አንድም ያልተገባው ቃል አልነበረበትም። ከዚያ ወንበሩን ይዛ በእግር ለመሻገር ሞከረች። ጥቂት እንደሄደች ጎማው እርጥቡ አሸዋ ውስጥ እስከ መሐሉ ገባ። ስትስብ ባሰበት። ቀና ስትል አራቱ ሰዎች ቅዱሱን በቃሬዛው ተሸክመው ሲመጡ አየች።

«ቃሬዛው!» ብላ ጮኸች። «ቅዱሱን አውርዱና እሷን አውጧት!»

ሁሉም ቆመ። መዝሙሩም ቆመ።

«ቅዱሱ ማዶ ይደር?» አለች ባለ መነጽሯ። «መረቡስ?»

«የማን መረብ? አንቺ ያለሽ የፀጉር መረብ ነው፣ የሸጥኩልሽ እኔ ነኝ!»

«አባቶቻችን ያቆዩት ሥርዓት ነው።»

«ጀልባው ይመጣል አይደል? ምን አቻኮላት?»

«በድምፅ እንወስን» አለ ፕሪዣን። «ሥርዓት ይኑረን።»

አቤት ሥርዓት! ውኃው ቁርጭምጭሚት እየላሰ፣ ሰው ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ፣ ድምፅ ተሰጠ። «ቅዱሱ በቃሬዛው ይመለስ የምትሉ?» እጆች ተነሡ። ዤርሜን አንድ በአንድ አየቻቸው። እነዚያን እጆች ታውቃቸዋለች፤ ሹካ እንዲይዙ ያስተማረቻቸው እጆች ናቸው፤ የተቃጠለውን ጣታቸውን ውኃ ውስጥ የነከረችላቸው፣ ከእራት የተረፈውን ዳቦ በድብቅ የሰጠቻቸው። «ማዳም ካዶሬ ትሂድበት የምትሉ?» ጥቂት ተነሡ። የኖልዌን ሁለቱም እጆች ተነሥተው ነበር፤ ፕሪዣን አንዱን ሰረዘባት።

«ጀልባውን ለእሱ ደውሉለት» አለች ዤርሜን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እሱ እንጨት ነው፣ አይበርደውም።»

እዚህ ላይ ነው አንድ ሰው ሕሊናው ነክሶት ወጣ ብዬ ብጽፍ ደስ የሚላችሁ። አልወጣም። የሆነው ይኼ ነው፦ የተሸካሚዎቹ አለቃ ጎርቬን፣ ሥጋ ሻጩ፣ የቃሬዛውን እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻው አዛወረና አቃሰተ። ዤርሜንን አየ። ቅዱሱን አየ። እንደገና ዤርሜንን አየ፤ ሱቁ ውስጥ ሥጋ ሳይመዝን እንደሚገምተው።

«ስሙኝማ» አለ፣ «ይኼ ሰውዬ ድፍን ግንድ ነው። ጠዋት ስናመጣው ትከሻዬ ተልጧል፣ አሁን ደግሞ በውኃ ውስጥ ነው የምንሄደው። እሷ አጥንት ናት። እኔ የሚቀለውን ነው የምሸከመው።»

«ልክ ነህ» አሉ ሦስቱ ባንድ አፍ። በዚህኛው ላይ ድምፅ አልተሰጠም። ቅዱሱን ቤተ ጸሎቱ ውስጥ አስገብተው ዘጉበትና ዤርሜንን ከወንበሯ አንሥተው ቃሬዛው ላይ አስቀመጧት። ወንበሩ አሸዋው ውስጥ ቀረ። ቦይዋ ላይ ሲደርሱ ውኃው ጉልበታቸውን አልፏል። ለዤርሜን የሚዘመር መዝሙር ስላልነበረ የቅዱሱን ዘመሩላት፤ እሷም ቃሬዛውን ግራና ቀኝ ጨብጣ፣ «ጎርቬን፣ ቀጥ አድርገው፣ ሆዴ ውስጥ ጠጅ አለ» ትላለች።

ማዶው ዳር ላይ የበጋ እንግዶች አጨበጨቡ። አንዲት ሴት አለቀሰች። ያን ጊዜ ሙሴ ፕሪዣን ውኃውን እየመታ ሮጠና እጁን ቃሬዛው ላይ ጣል አደረገ፤ ከባሕሩ ዳር ካሜራ ቆሞ ነበርና። በማግሥቱ ጋዜጣው ላይ ወጣ፦ «ፕሉጌኔክ አረጋውያኗን በትከሻዋ ትሸከማለች»። ከፎቶው ሥር የእሱ ስም። ሳምንት ሳይሞላ መንደሩ ጋዜጣውን አመነ። ዛሬ ዳቦ ቤት ብትገቡ ቃሬዛውን መጀመሪያ ያሰበው እሱ መሆኑን የማይነግራችሁ ሰው አታገኙም፤ ባለ መነጽሯም ጭምር። እጃቸውን ለእንጨቱ ያነሡት የት ገቡ? አንድም የለም። ባሕሩ በልቷቸዋል ማለት ነው።

ዘንድሮ የንግሡ ሳምንት ሲቃረብ ፕሪዣን ዤርሜን ቤት መጣ። ጣፋጭ ኬክ ይዟል።

«ማዳም ካዶሬ፣ የምሥራች! ኮሚቴው ወስኗል። ከቅዳሴው በፊት የአረጋውያን ሸክም ሥነ ሥርዓት ይኖራል። በቃሬዛ እንወስድዎታለን፣ የዳንቴል ቆብ አዘጋጅተናል፣ የጥንቱን ዓይነት።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያማ ፎቶ ይነሣሉ፣ ወዲያው እንመልስዎታለን። ከኮረብታው ማዶ እንኳ ሰው ይመጣል!»

«ምሳዬን የት ነው የምበላው?»

ፕሪዣን ወረቀቱን አገላበጠ። «ምሳው... ለተሸካሚዎቹ ነው የተያዘው።»

ዤርሜን ኬኩን ወደ እሱ ገፋችው። «በል ዢልዳ፣ ቆቡን አንተ ልበሰው፤ ያምርብሃል። በሩንም ዝጋልኝ፣ ነፋስ ይገባል።»

በንግሡ ዕለት ሁለተኛ ፎቅ ካለው መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ መዝሙሩ ሲያልፍ ሰማች። ኖልዌን ሱቋን ዘግታ አብራት ዋለች። ደሴቷን ከዚያ መስኮት የጎረቤት ጣራ ይጋርዳታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አሁን ያዘናችሁ መስሏችሁ እንዳትቀመጡ። በሠፈራችሁ መራመድ ያቃታቸው አንድ ሰው አሉ፤ የለም አትበሉኝ። ተነሡና በራቸውን አንኳኩ። የት መሄድ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው፤ ልጃቸውን አይደለም፣ ዕድራቸውን አይደለም፣ ራሳቸውን። ከዚያ ውሰዷቸው፣ አስቀምጧቸው፣ የሚበሉትን አቅርቡላቸው። ካሜራችሁን ግን፣ እባካችሁ፣ ቤት ተዉት።